መሬትን ለቅርብ ሹም ስለ ማስረከብ

የሕዝብ መሬት በማን እጅ ቢጠበቅ ይሻላል? በሩቅ ባለው በማዕከላዊው መንግሥት ወይስ በቅርብ ባለው በአገር ቤት ሹም? ይህ ጥያቄ ለሕግ ዐዋቂዎች ብቻ የተተወ ይመስላል። ሥሩ ሲመረመር ግን የግብረ ገብ ጥያቄ ሆኖ ይገኛል፤ የራሱ ባልሆነ ነገር ላይ ሥልጣን የተሰጠው ሰው ምን ዓይነት ሰው ሊሆን ይገባዋል ማለት ነውና።

በአገራችን የገጠር መሬት የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ የሕዝብ ሀብት ሆነ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፥ አይሸጥም፥ አይለወጥም ሲል ይህንኑ አጸና። ቀጥሎም ስለ መሬት ሕግ የማውጣትን ሥልጣን ለፌዴራሉ መንግሥት፥ በዚያ ሕግ መሠረት የማስተዳደርን ሥልጣን ለክልሎች ሰጠ። ሥልጣኑ ከክልል ወደ ወረዳ፥ ከወረዳ ወደ ቀበሌ እየወረደ ሲሄድ፥ በመጨረሻ የሚያርፈው ገመድ ይዞ ማሳ በሚለካው ጎረቤት እጅ ላይ ነው።

መሬት ለቅርቡ ይሰጥ የሚሉ ሰዎች ክርክራቸው ቀላል አይደለም። የጭልጋን መሬት ከጭልጋ ገበሬ የበለጠ ማን ያውቀዋል? የትኛው ማሳ ውሃ እንደሚተኛበት፥ የትኛው ሜዳ የወል ግጦሽ እንደ ሆነ፥ የትኛው ዛፍ የደብር እንደ ሆነ ያውቃል፤ አዲስ አበባ የተቀመጠ ሹም ግን ካርታ ብቻ ያያል። ለዚህም ምስክር የሚሆን ነገር በዘመናችን ተደርጓል። በ2001 ዓ.ም. ገደማ አንዳንድ ክልሎች ሰፋፊ የእርሻ መሬታቸውን የማስተዳደር ሥራ በውክልና ለፌዴራሉ የግብርና ሚኒስቴር ሰጡ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 50 ፌዴራሉ ለክልል ውክልና መስጠት እንደሚችል ይናገራል፤ ክልል ለፌዴራል ስለ መስጠቱ ግን የተናገረው የለም። በዚህ መንገድ በ2003 ዓ.ም. በጋምቤላ 100,000 ሄክታር መሬት ለአንድ የሕንድ ኩባንያ ተከራየ። የአካባቢው ሰው የባሮ ወንዝ ሲሞላ ሜዳውን እንደሚያጥለቀልቀው ከአያቶቹ ጀምሮ ያውቅ ነበር፤ ግን ማንም አልጠየቀውም። ጎርፉ መጣ፥ በቆሎውን ወሰደው። ኩባንያው ከተቀበለው መሬት ያለማው እጅግ ጥቂቱን ስለ ነበረ፥ መንግሥት በ2008 ዓ.ም. ውሉን አፈረሰው።

እንግዲህ መሬት ሁሉ ለቅርቡ ሹም ይሰጥ ብለን ነገሩን እንዝጋውን? አይቻልም፤ ሌላም ምስክር አለና። በ1989 ዓ.ም. በአማራ ክልል በብዙ ቦታ የመሬት ሽግሽግ ተደረገ። አዋጁን ያወጣው የክልሉ ምክር ቤት እንጂ አዲስ አበባ አልነበረም። በዚያ ሽግሽግ «ቢሮክራት» ወይም «የፊውዳል ርዝራዥ» የተባለው ገበሬ ከአራት ጥማድ፥ ማለት ከአንድ ሄክታር በላይ እንዳይዝ ሲደረግ፥ ለሌላው እስከ ሦስት ሄክታር ተፈቀደ። በደርግ ዘመን በገበሬ ማኅበር ተመርጦ ያገለገለ ሰው ሁሉ ቢሮክራት ሊባል ይችል ነበር። ማን ቢሮክራት እንደ ሆነ የሚለየውም እዚያው በቀበሌ ነበር። ቅርብ ያለ ሰው የማሳውን ድንበር ብቻ አያውቅም፤ የድሮ ቂሙንም፥ የዘመዱንም ችግር፥ የጠላቱንም ስም ያውቃል። የሩቁ ሹም ባለማወቅ ይበድላል፤ የቅርቡ ግን እያወቀ ሊበድል ይችላል።

በመጽሐፈ ነገሥት የተጻፈውን የናቡቴን ታሪክ ብዙዎቻችን የምንተርከው አክዓብንና ኤልዛቤልን ለመውቀስ ነው። ነገር ግን ሁለት ነገር ልብ እንበል። አንደኛ፥ ንጉሡ የተመኘው በቤተ መንግሥቱ አጠገብ ያለውን የወይን ቦታ ነው፤ ምኞቱን የወለደው ቅርበቱ ነበር። ሁለተኛ፥ ደብዳቤው ከንጉሡ ቤት ቢመጣም፥ የሐሰት ምስክር አቁመው ናቡቴን ያስወገሩት የገዛ ከተማው ሽማግሌዎች ናቸው። ክፋቱን ያሰበው ከላይ ያለው ሲሆን የፈጸመው ከታች ያለው ነው።

ወደ አገራችን እንመለስና የስሜንን ተራሮች እንመልከት። ብሔራዊ ፓርኩ በ1962 ዓ.ም. ተቋቋመ፤ በ1970 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ፤ በ1989 ዓ.ም. አደጋ ላይ ካሉት ቅርሶች ተቈጠረ፤ በ2009 ዓ.ም. ከዚያ መዝገብ ወጣ። አስተዳደሩም በመካከል ወደ ክልሉ ተላልፎ፥ ኋላ ወደ ፌዴራሉ ተመልሷል። የዋልያው ጠባቂ ማን እንደ ሆነ ወረቀቱ ሲመላለስ፥ ከሁሉ የከበደውን ዋጋ የከፈለው ግን የግጭ መንደር ሰው ነው፤ በ2008 ዓ.ም. ከተራራው ወርዶ በደባርቅ ሰፈረ። ዋልያው የዓለም ሁሉ ሀብት ነው ማለት እውነት ነው። የዓለም ሁሉ የሆነውን ዋጋ ጥቂት እረኞች ብቻ ሲከፍሉት ግን ፍርዱ የተስተካከለ አይሆንም።

ከዚህ ሁሉ የምንረዳው፥ ርቀትም ቅርበትም በራሱ ጽድቅ አለመሆኑን ነው። መሬቱ ለአገሬው ሹም ሲተላለፍ ፈተናውም አብሮ ይተላለፋል። ስለዚህ ሥልጣን በሚወርድበት መንገድ ተጠያቂነትም አብሮ መውረድ አለበት። ሥልጣኑ ወርዶ ተጠያቂነቱ ላይ ከቀረ፥ የተሰጠው ነጻነት ሳይሆን አዲስ ጌታ ነው። በክልላችን የባልና የሚስት ስም በአንድነት የሚጻፍበት የይዞታ ደብተር መሰጠት ሲጀመር፥ ጥቅሙ ከወረቀቱ ይልቅ በዚህ ነበር፦ ባሏ የሞተባት፥ ወገን የሌላት ሴት ለጎረቤቷ ሹም የምታሳየው ማስረጃ አገኘች። የቅርቡ ሹም ቸር ቢሆን መልካም ነው፤ ቸር ባይሆንም እንኳ የሚያስረው ሕግና ይግባኝ የሚባልበት ዳኛ ሊኖር ይገባል።

«የቅርብ ጠበል ልጥ ይነከርበታል» ይባላል። እኛም አጠገባችን ያለውን የወል መሬት፥ የእኛ ስለ ሆነ ብቻ ልጥ መንከሪያ እናደርገዋለን፤ ዛሬ አንድ ጥግ ለዘመድ፥ ነገ አንድ ጥግ ለወዳጅ እየተቈረሰ ያልቃል። ገና ያልተወለደው ልጅ በስብሰባ ላይ እጁን አውጥቶ አይቃወም፤ ስለዚህ ድርሻው በቀላሉ ይወሰዳል።

አንባቢ ሆይ፥ አንድ ቀን ለቀበሌህ የመሬት ኮሚቴ ትመረጥ ይሆናል። ያን ጊዜ ስለ አዲስ አበባ በደል ብዙ ከመናገርህ በፊት እነዚህን ሦስት ነገሮች ራስህን ጠይቅ፦ የወሰንኩትን በሕዝብ ፊት ቆሜ ላነበው እችላለሁን? ለዘመዴ የሰጠሁትን፥ ለተጣላኝ ሰው በዚያው ልክ እሰጠው ነበርን? የተበደለ ሰው ከእኔ በላይ ይግባኝ እንዲል መንገዱን ከፍቼለታለሁን? ሦስቱን በእውነት አዎን ብለህ ከመለስህ፥ መሬቱ ወደ አንተ መውረዱ መልካም ሆኗል። ካልሆነም የለወጥነው የበዳዩን መኖሪያ ብቻ ነው።