ማፍረስና መፍታት

በእንግሊዝና በአሜሪካ ጓሮዎች የአትክልት መሣሪያ፣ ብስክሌትና የተረፈ ቀለም የሚከማችባት ትንሽ የእንጨት ጎጆ የተለመደች ናት። ባለቤቷ ሲሰለቻት በጥቂት ገንዘብ ትሸጣለች፤ ብዙ ጊዜም ለሚያነሣት ሰው በነፃ ትሰጣለች። ዋጋ የሚጠይቀው ማጓጓዣው ነው። ኪሱ የሳሳ ገዢ ጎጆዋን እንደቆመች ማስጫን ስለማይችል ፈታትቶ፣ ጠፍጣፋ አድርጎ ይጭናታል፤ አራት የግድግዳ ገጽ፣ ሁለት የጣሪያ ክንፍ፣ አንድ ወለል። ጣሪያውን የሚሸፍነው ሬንጅ የጠጣ ልባስ ሲነሣ ይቀደዳል፤ በአዲስ መተካት አለበት። መሬት የነካው ወለል አብዛኛውን ጊዜ በስብሶ ይገኛል፤ እሱም ይቀየራል። የዛገ ምስማር ይጣላል። ከመቶዎች ኪሎ ሜትር በኋላ በሌላ ጓሮ ቆማ የምትታየው ጎጆ ያቺው የተገዛችው ናት ወይስ ሌላ? ጥያቄው የሥራ ፈት ወሬ ይመስላል። ሆኖም ፈላስፎችም የሃይማኖት ሊቃውንትም ለዘመናት ተከራክረውበታል፤ ከሁለቱ ወገን የተሻለውን መልስ የሰጡት ደግሞ የሃይማኖት ሊቃውንቱ ናቸው።

አማርኛ ለዚህ ሥራ ሁለት ቃል አለው። ቤት ይፈርሳል፤ ቤት ይፈታል። ከውጭ ለሚያይ ሰው ሁለቱም አንድ ናቸው፤ መዶሻ፣ ጉጠት፣ የሚነቀል ምስማር፣ የሚወርድ ሳንቃ። ቃሎቹ ግን አንድ አይደሉም። የፈረሰ ነገር አልቆለታል፤ የሚቀረው ፍርስራሽ ነው። የተፈታ ነገር ተመልሶ ይታሰራል፣ ይገጠማል። ቅኔም ይፈታል፤ ሲፈታ ወርቁ ይወጣል እንጂ ቅኔው አይጠፋም። (ትዳርም ይፈታል፤ እዚያ ላይ ቃሉ ተስፋ ያበዛል።) እንግዲህ የጎጆዋ ጥያቄ ወደዚህ ይጠባል፤ አንድን ሥራ ማፍረስ ሳይሆን መፍታት የሚያደርገው ምንድን ነው?

በጽሑፍ ከተመዘገቡት በአነስተኛ ወጪ የተጓጓዙ ጎጆዎች መካከል ዝነኛዋ የጄምስ ኮሊንስ ጎጆ ናት። እ.ኤ.አ. በ1845 አሜሪካዊው ጸሐፊ ሄንሪ ዴቪድ ቶሮ በማሳቹሴትስ ግዛት፣ በኮንኮርድ ከተማ አጠገብ፣ በዋልደን ኩሬ ዳር ቤት ለመሥራት ተነሣ። መጥረቢያ ተውሶ ምሰሶና ወራጁን ከጫካው ጠርቦ አዘጋጀ፤ ሳንቃ ግን አልነበረውም። ኮሊንስ በፊችበርግ የባቡር ሐዲድ ላይ የሚሠራ አየርላንዳዊ ነበር፤ ቶሮ ጎጆውን በ4 ዶላር ከ25 ሳንቲም ገዛው። ውሉ ገንዘቡ በዚያው ምሽት እንዲከፈል፣ ቤተሰቡም በማግሥቱ ንጋት 11 ሰዓት ለቆ እንዲወጣ ነበር። ቶሮ «ዋልደን» በተባለውና በ1854 በታተመው መጽሐፉ እንደተረከው፣ በማለዳ ቤተሰቡን መንገድ ላይ አገኛቸው። አልጋው፣ የቡና መፍጫው፣ መስታወቱና ዶሮዎቹ በአንድ ትልቅ ሸክም ታስረው ነበር። የቀረችው ድመቷ ብቻ ናት፤ ወደ ጫካ ገብታ ዱር አዳሪ ሆነች።

ቶሮ በዚያው ጠዋት ምስማሩን እየነቀለ ጎጆውን አወረደ፣ ሳንቃውን በትንሽ ጋሪ እያመላለሰ ኩሬው ዳር አደረሰ፣ ፀሐይ እንዲያነጣውና ጥማመቱን እንዲያቃናለት ሣር ላይ ዘረጋው። እሱ ጋሪውን ሲነዳ አንድ ጎረቤት ቀጥ ያሉትን፣ ገና የሚያገለግሉትን ምስማሮች ወደ ኪሱ ይከት ነበር። ቤቱ ሲያልቅ 10 ጫማ በ15 ጫማ ሆነ፤ ጠቅላላ ወጪው 28 ዶላር ከ12 ሳንቲም ተኩል። ከዚህ ውስጥ ማጓጓዣው 1 ዶላር ከ40 ሳንቲም ብቻ ነው፤ ብዙውን በጀርባው ስለተሸከመ። ቶሮ የገባበት ቤት የኮሊንስ ጎጆ ነው የሚል ግን የለም። ሳንቃው ያው ሳንቃ ሆኖ ሳለ ጎጆው የለም፤ ፈርሷል። መንገዱ አጭር፣ እንጨቱ የተሟላ፣ ጥንቃቄውም የሚያስመሰግን ነበር፤ ከእነዚህ አንዱም አላዳነውም። ስለዚህ የአንድን ቤት ማንነት በእንጨቱ ላይ ብቻ የሚመሠርት አስተሳሰብ እዚህ ላይ ይወድቃል።

ተቃራኒው አስተሳሰብም ከችግር አያመልጥም። የጥንቱ ግሪካዊ ጸሐፊ ፕሉታርክ እንደጻፈው አቴናውያን የጀግናቸውን የቴሴዎስን መርከብ ለብዙ ዘመን ሲጠብቁ የበሰበሰውን ሳንቃ እያወጡ በአዲስ ይተኩ ነበር፤ ፈላስፎችም ያቺው መርከብ ናት፣ አይደለችም እያሉ ተከፋፈሉ። ቅርጹ እስካልተቋረጠ ድረስ መርከቧ ያቺው ናት ማለት ይቻላል። እንግሊዛዊው ቶማስ ሆብስ በ1655 ነገሩን አወሳሰበው። አንድ ሰው የወጡትን አሮጌ ሳንቃዎች እየሰበሰበ በቀድሞ ቅደም ተከተላቸው ቢገጥማቸው ሁለት መርከቦች ይኖራሉ፤ የቴሴዎስ የትኛዋ ናት? ሁለቱም ናቸው ማለት አንዱን ሁለት ማድረግ ነው። የሆብስ ምሳሌ ብልህ ነው፤ ግን መርከቧን የሚመለከተው እንደ ዕቃ ብቻ ነው። ሳንቃውን ያወጣው ሰው ለምን እንዳወጣው አይጠይቅም።

ያንን የጠየቁት የአይሁድ የሕግ ሊቃውንት ናቸው። የያዙት ምሳሌ ከመርከብም ከጓሮ ጎጆም የከበደ ነው፤ በምድረ በዳ 40 ዓመት ያህል የተጓዘችው ደብተራ ኦሪት። ኦሪት ዘጸአት ዝርዝሩን ይሰጣል፤ 48 ሳንቃ፣ እያንዳንዱ 10 ክንድ ርዝመትና አንድ ክንድ ተኩል ስፋት ያለው፣ ከሥሩ በሁለት ማጋጠሚያ በብር እግሮች ላይ የሚቆም። በኦሪት ዘኍልቍ ደግሞ አጓጓዡ ተመድቧል። መጋረጃዎቹ ለጌድሶን ልጆች ተሰጡ፤ ሁለት ሠረገላና አራት በሬ ነበራቸው። ሳንቃው፣ መወርወሪያው፣ ምሰሶውና እግሩ የሜራሪ ልጆች ድርሻ ሆነ፤ አራት ሠረገላና ስምንት በሬ ይዘው። ቅዱሱን ንዋይ የሚሸከሙት የቀዓት ልጆች በትከሻቸው ይሸከማሉና ሠረገላ አልተሰጣቸውም። ለሜራሪ ልጆች ሸክማቸው በየስሙ ተቈጥሮ እንዲሰጣቸው መታዘዙ ሊስተዋል የሚገባ ነው። ዕቃው በጅምላ አልተጫነም፤ እያንዳንዱ ክፍል ስም ነበረው።

የሰንበት ሕግ የሚከለክላቸው ሥራዎች ከዚህች ድንኳን ሥራ እንደሚመነጩ ሊቃውንቱ ያስተምራሉ፤ ማፍረስም አንዱ ነው። ነገር ግን በሰንበት የሚያስጠይቀው ማፍረስ መልሶ ለመሥራት የተደረገው ነው። የአይሁድ የሕግ መጽሐፍ የሆነው ተልሙድ ሰንበት በተባለው ክፍሉ የአንድ ሊቅን አስተያየት ያቀርባል፤ ማፍረስ የሚያስጠይቀው በዚያው ቦታ ለመሥራት ሲሆን ነው ይላል። ወዲያው ተቃውሞ ይነሣል። ደብተራይቱ ትፈታ የነበረው በሌላ ቦታ ልትተከል ነው፤ ታዲያ ሕጉ ከእሷ እንዴት ይወጣል? መልሱ አጭር ነው። በእግዚአብሔር ቃል ይሰፍሩ እንደነበር ስለተጻፈ፣ የትም ቢተክሏት በዚያው ቦታ እንደተከሏት ይቈጠራል። የዚህ መልስ ድፍረት የሚደነቅ ነው። ቦታዋ ሲና ወይም ሞዓብ ሳይሆን ትእዛዙ ነው፤ ትእዛዙም ከሠረገላው ጋር ይጓዛል።

ፈላስፋው ጆን ሎክ ከዚህ ጋር የሚጋጭ የሚመስል ነገር ተናግሯል፤ አንድ ነገር ሁለት መጀመሪያ ሊኖረው አይችልም ይላል። በተፈታች ቁጥር ደብተራይቱ ካለቀች፣ በተተከለች ቁጥር አዲስ ትሆናለች ማለት ነው። ኦሪት ዘኍልቍ ግን እንዲህ አይናገርም። በምዕራፍ 10 የጉዞው ሰልፍ ሲዘረዘር፣ ሳንቃና መጋረጃ ሆና በሠረገላ ላይ ያለችው ያቺው ነገር በስሟ ትጠራለች፤ ማደሪያይቱን የተሸከሙት ሄዱ ይባላል። በጭነት ላይም ማደሪያ ናት። በኮሊንስ ጎጆ ላይ ግን ይህን ማለት አይቻልም፤ በጋሪው ላይ የነበረው እንጨት ብቻ ነው።

ልዩነቱ ሐሳብ ነው ብሎ ማቆም ይቻል ነበር፤ ያ ግን አይበቃም። ጎጆውን መልሼ እገጥመዋለሁ ብሎ የፈታ፣ ከዚያም ሳንቃውን በላስቲክ ሸፍኖ አሥር ዓመት ያስቀመጠ ሰው ሐሳብ አልጎደለውም። የጎደለው የትኛው ከየትኛው እንደሚገጥም የሚያውቅ ነገር ነው። ይህንንም ረቢ ዮሴ አስተውሎታል። በ200 ዓ.ም. ገደማ በተጠናቀረው የአይሁድ የሕግ ስብስብ፣ በሚሽና ውስጥ፣ በሰንበት ሁለት ፊደል መጻፍ ለምን እንደሚያስጠይቅ ሲናገር፣ በደብተራይቱ ሳንቃዎች ላይ ምልክት ይጻፍ ስለነበረ ነው ይላል፤ የእያንዳንዱ ሳንቃ ጓደኛ የትኛው እንደሆነ ለማወቅ። በዚህ አባባል የጽሕፈት ክልከላ የመጣው ቤትን ፈትቶ ከመግጠም ጥበብ ነው። የቤቱ ሥርዓት ክብደት የለውም፣ በሬም አያስፈልገውም፤ ግን አንድ ቦታ ላይ ካልተጻፈ ይጠፋል። ሥርዓቱ ተጽፎ ከተጓዘ ቤቱ ተፈቷል፤ ካልተጓዘ ፈርሷል።

የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ልማድ ወደ ሌላው ጫፍ ይሄዳል። ሕንጻው አርጅቶ በአዲስ ሲሠራ ታቦቱ መቃኞ ውስጥ ይገባል፤ ቅዳሴው በዚያ ይቀጥላል። አዲሱ ሕንጻ ሲያልቅ ከአሮጌው አንድ ድንጋይ ባይገባበትም በቀድሞ ስሙ ይጠራል፤ ሕዝቡም ሌላ ቤተ ክርስቲያን ነው አይልም። እዚህ ሕንጻው ሊፈርስ ይችላል፤ ማንነቱ ያለው በታቦቱ ነው። የጋሞው የዶርዜ ቤት ደግሞ ከሁለቱም የተለየ ነው። ሲሠራ እስከ 12 ሜትር የሚደርሰው የቀርከሃ ቤት ከሥሩ በምስጥ ሲበላ ዓመት በዓመት ያጥራል፤ ቦታ መቀየር ሲያስፈልግም ሰዎች ተሰብስበው ቤቱን ሳይፈቱት በሙሉ ተሸክመው ያዛውሩታል። እያጠረ የሚሄደው ቤት ያው ቤት መሆኑን የሚጠራጠር የለም። ጉልበት በነፃ በሚገኝበት ስፍራ የቴሴዎስ ጥያቄ አይነሣም።

የቶሮ ቤት ራሱ ኋላ መዛወርንም መፍረስንም አይቷል። ቶሮ በመስከረም 1847 ለቆ ከወጣ በኋላ ቤቱ ከከተማዋ በስተሰሜን ወዳለ እርሻ ተወስዶ የእህል ማከማቻ ሆነ፤ ይህ ጉዞ አላጠፋውም። በ1868 ግን ፈረሰ። ጣሪያው የአሳማ ጋጣ ክዳን ሆነ፣ የቀረው እንጨት ወደ ጎተራ ገባ። በ1945 ሮላንድ ሮቢንስ የተባለ ተመራማሪ የጭስ ማውጫውን መሠረት ከአፈር ሥር ቈፍሮ አገኘ፤ ዛሬ ቦታው በድንጋይ አምዶች ታጥሯል፤ ጎብኚ የሚገባበት ቤት ደግሞ ከኩሬው መኪና ማቆሚያ አጠገብ የተሠራ አምሳያ ነው። መሠረቱ አንድ ቦታ፣ ቅርጹ ሌላ ቦታ፣ እንጨቱ የትም።

ያገለገለ ጎጆ ለሚያጓጉዝ ሰው ከዚህ የሚወጣው ተግባር ርካሽ ነው። ጣሪያውና ወለሉ ቢለወጥ፣ ምስማሩ በቪቴ ቢተካ፣ መንገዱ ሁለት ቀን ቢፈጅ ጎጆዋ ያቺው ናት፤ የመጀመሪያው ምስማር ከመነቀሉ በፊት እያንዳንዱ ገጽ በማዕዘኑ ላይ ቍጥር ከተጻፈበት። ቶሮ ባሠፈረው የወጪ ዝርዝር ውስጥ ከሁሉ ያነሰው ዋጋ የጠመኔ ነው፤ 1 ሳንቲም።