ልብ ያልፈቀደው ግብዣ

የምናደንቀው ሰው ሲሞት «ሙት ወቃሽ አያድርገኝ» ብለን በጎ በጎውን ብቻ አንስተን እንሸኘዋለን። ዊልፍሬድ ቴሲጀር የተባለውን እንግሊዛዊ ተጓዥና ጸሐፊ ሳስብ ግን ድካሙን የምናገረው እኔ አይደለሁም፤ በሕይወት ሳለ ራሱ ጽፎታል።

ቴሲጀር አባቱ የአገሩ መልእክተኛ ሆኖ ሲያገለግል እ.ኤ.አ. በ1910 አዲስ አበባ ተወለደ። ገና ወጣት ሳለ የአዋሽን ወንዝ ተከትሎ በአፋር ምድር እስከ አቤ ሐይቅ ተጓዘ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ደግሞ ሩብ አል ኻሊ የሚባለውን የዐረቢያን ታላቅ በረሃ ከበደዊኖች ጋር በግመልና በእግር ሁለት ጊዜ አቋረጠ። እ.ኤ.አ. በ2003 በ93 ዓመቱ ሲያርፍ ብዙዎች ጀግንነቱን አወሱ። እኔ ግን እ.ኤ.አ. በ1959 ባሳተመው መጽሐፍ የተረከውን የአንዲት ጥንቸል ታሪክ ላንሣላችሁ።

በበረሃው ውስጥ ስንቃቸው ተመናምኖ ረሃብ ጸንቶባቸው ሳለ ጥንቸል አገኙ። ወጡ ተሠርቶ፣ ቂጣው ተጋግሮ፣ ሊበሉ ሲሉ እንግዶች ደረሱ። በደዊኖቹ በደስታ ተቀበሏቸው፤ ቡና አፈሉላቸው፤ ጥንቸሏንም ቂጣውንም አቀረቡላቸው። «አብረን እንብላ» ሲባሉም እንቢ አሉ። ቴሲጀርም አብሮ ጾሙን ዋለ፤ ውስጡ ግን እንግዶቹን ለመግደል እስኪቃጣው ተናድዶ ነበር። ፊቱ ላይ እንዳይታወቅበት ብቻ ተመኘ።

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው፦ ልብ ሳይፈቅድ እጅ ቢሰጥ ግብዝነት አይደለምን? ጳውሎስ እግዚአብሔር በደስታ የሚሰጠውን እንደሚወድ ይነግረናል። ታዲያ ደስታው እስኪመጣ እንግዳውን በረሃብ እናቆየው?

ጌታችን ስለ ሁለት ልጆች የተናገረውን ምሳሌ አስቡ። አንዱ «አልሄድም» ብሎ ኋላ ሄደ፤ ሌላው «እሺ ጌታዬ» ብሎ ቀረ። የአባቱን ፈቃድ የፈጸመው የሄደው ነው። ግብዝ የሚሰጠው ሰው እንዲያየው ነው፤ ክፉ ልቡንም ይሸሽጋል። እየታገለ የሚታዘዝ ሰው ግን የሚሰጠው የተቸገረው እንዲጠቀም ነው፤ የልቡን ክፋትም አይክድም። በዚያው ግን መርካት የለበትም። እጁን ያዘዘ ጌታ ልቡንም እንዲለውጥለት ሊለምን ይገባዋል።

ደግሞ ልብ በሉ፤ በዚህ ታሪክ ትልቁ ሰው ቴሲጀር አይደለም። ስማቸው በዓለም ያልገነነ፣ የራሳቸውን ረሃብ ችለው እንግዳ ያበሉ እረኞች ናቸው። አብርሃምም በመምሬ ዛፍ ሥር ሮጦ የተቀበለው የማያውቃቸውን መንገደኞች ነበር። ቴሲጀርን የማከብረው የራሱን ትንሽነት ሳይሸሽግ የእነርሱን ትልቅነት ስለመሰከረ ነው።

እናንተም በዚህ ሳምንት ልባችሁ ያልፈቀደው እንግዳ በራችሁን ቢያንኳኳ፣ መጀመሪያ አስገቡትና አብሉት። ስለ ልባችሁም ማታ በጸሎት ለጌታ እውነቱን ንገሩት።