የማሟያ ድርሻ አደራ

አንድ ሰው ወንድሙን «አንተ አንድ ብር ብታወጣ እኔም አንድ ብር እጨምርልሃለሁ» ቢለው፥ ቃሉ ስጦታም ፈተናም ነው። ስጦታነቱ፥ ወንድሙ ብቻውን ያልቻለውን ሥራ ስለሚያስችለው ነው፤ ፈተናነቱም፥ ተቀባዩ ለሚሻው ነገር ከራሱ ምን ያህል እንደሚከፍል ስለሚመዝነው ነው። እንግዲህ መንግሥታት በዚህ ዓይነት ሲረዳዱ፥ ለማሟያ ተብሎ የተለየውን ገንዘብ እንዴት ቢጠብቁት አደራቸውን ተወጡ ይባላል?

ለዚህ ጥያቄ የአሜሪካ ግዛቶች ታሪክ ሰፊ ትምህርት ይሰጠናል። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1916 ዓ. ም. የወጣው የመንገድ ሕግ፥ የማዕከላዊው መንግሥት በአምስት ዓመት ውስጥ 75 ሚሊዮን ዶላር እንዲሰጥ ሲፈቅድ፥ እያንዳንዱ ግዛት የመንገድ መሥሪያ ቤት እንዲኖረውና ከወጪው ቢያንስ እኩሌታውን እንዲችል አዝዞ ነበር። በ1956 ዓ. ም. ግን ለታላላቆቹ አውራ ጎዳናዎች ከግዛቶቹ የተጠየቀው ድርሻ ከመቶ 10 ብቻ ሆነ። ድርሻ ሲከብድ ድኻው ከማዕዱ ይቀራል፤ እጅግ ሲቀል ደግሞ ሹሙ ሕዝቡ የሚያስፈልገውን ትቶ ማሟያ የሚያስገኘውን ሥራ ለመምረጥ ይፈተናል።

በ1965 ዓ. ም. የተመሠረተው ሜዲኬይድ የተባለው የችግረኞች ሕክምና ርዳታ፥ ድርሻውን በየግዛቱ ሕዝብ ገቢ ይለካል። በመደበኛው ስሌት የማዕከላዊው መንግሥት ክፍያ ለባለጸጋው ግዛት ከመቶ 50 አያንስም፤ እንደ ሚሲሲፒ ላለው ችግረኛ ግዛት ግን ከመቶ 75 ያልፋል። እኩል መክፈል ሁልጊዜ ፍትሕ እንዳልሆነ ከዚህ እንረዳለን።

ይሁን እንጂ ሚዛኑ ቢስተካከልም የሰው ብልጠት አያርፍም። በ1980ዎቹ መጨረሻ አንዳንድ ግዛቶች ከሆስፒታሎች በስጦታና በግብር ስም ገንዘብ ተቀብለው የራሳቸው ድርሻ አድርገው ያቀርቡ ነበር። ማሟያው ሲመጣም የሰጡትን ከነጭማሪው ለሆስፒታሎቹ ይመልሱላቸው ነበር። ኮንግረስ ይህን አሠራር የሚገድብ ሕግ በ1991 ዓ. ም. አወጣ።

«ገንዘቡ በሽተኛ ካሳከመ ምን ጥፋት አለበት?» የሚል አይጠፋም። ጥያቄው ቀላል አይደለም፤ ከሕሙማን የሚበልጥ ምክንያት የለምና። ነገር ግን አባቶቻችን «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው» ሲሉ፥ እያንዳንዱ ሰው የራሱን ሎሚ መያዙን አምነው ነው። አንዱ የባልንጀራውን ሎሚ አሳይቶ «ይህ የእኔ ነው» ቢል፥ ሸክሙ ሳያውቁት በሌሎች ጫንቃ ላይ ይወድቃል። ሰጪውም መታለሉን ባወቀ ጊዜ እጁን ይሰበስባል፤ ያን ጊዜ የሚጐዳው ያው በሽተኛ ነው።

መልካም ምሳሌም አለ። በ1987 ዓ. ም. በተሻሻለው የንጹሕ ውሃ ሕግ መሠረት፥ ግዛቶች ለተሰጣቸው ለእያንዳንዱ ዶላር 20 ሳንቲም ጨምረው የብድር ገንዘብ አቋቋሙ። አንዱ ከተማ ተበድሮ የፍሳሽ ማጣሪያውን ይሠራል፤ የከፈለው ዕዳም ለሌላው ከተማ ብድር ይሆናል።

እንግዲህ በመዝገብና በሒሳብ ሥራ የምንውል ሁላችን ልናስተውለው የሚገባን ነገር ይህ ነው፤ ለማሟያ የተለየ ገንዘብ የሁለት ወገን ቃል ኪዳን ነው። ከሌላው ወጪ ጋር ያልተቀላቀለ፥ ከእውነተኛ ምንጭ የወጣና እንደየዐቅሙ የተመደበ ሲሆን፥ መንገዱንና ማጣሪያውን ብቻ ሳይሆን መተማመንንም ይሠራል።