የወራሽ አደራ

ከአያት የወረስነውን አሮጌ ፒያኖ ስናድስ ዕዳችን ለማን ነው? በውስጡ የታተመው መለያ ቁጥር በፋብሪካው መዝገብ ሲፈለግ የተሠራበትን ዓመት ይነግራል፤ የተቦረቦሩት መዶሻዎቹ ደግሞ ምን ያህል እንደተጫወቱበት ይመሰክራሉ። መዶሻው ሲለወጥ ድምፁ ይጠራል፤ ምስክሩ ግን ይጠፋል።

ፒያኖን የፈለሰፈው ጣሊያናዊው ባርቶሎሜዎ ክሪስቶፎሪ ከሠራቸው ውስጥ ሦስቱ ብቻ ለዘመናችን ደርሰዋል። በኒውዮርኩ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም የሚገኘው፣ እ.ኤ.አ. በ1720 የተሠራው፣ ድምፅ የሚያጎላው የእንጨት ገበታው በ1938 በአዲስ ተተካ። ዛሬ ይጫወቱበታል፤ ሠሪው የሰማው ድምፅ ግን ላይመለስ ሄዷል። ሮማ ያለውን የ1722ቱን በአንጻሩ ትል ስለበላው ድምፅ አይሰጥም። አንዱን የሰው እጅ ለወጠው፤ የሌላውን አፍ ጊዜ ዘጋው። አለመንካትም እንግዲህ ንጽሕና አይደለም።

እኛ ሐኪሞች ቢላ ከማንሣታችን በፊት የምንጠይቀው ጥያቄ እዚህም ይሠራል፦ ይህ የምቆርጠው ተመልሶ ይገኛልን? አውታሩ ይለወጥ፤ ነገ ሌላ ይተካዋል። የወለቀው መዶሻ ተጠቅልሎ ይቀመጥ፤ የተደረገውም ሁሉ በጽሑፍ ይኑር። ገበታው ግን የመጨረሻው አማራጭ ይሁን። ወራሽ ባለቤት ብቻ አይደለምና፤ ምናልባት ከእርሱ የተሻለ ለሚያውቀው ለሚቀጥለው ወራሽ ባለአደራ ነው።