ለማያሸንፈውም ልጅ ሜዳ ይኑረው

ልጄ፣ የቀበሌያችንን ወጣቶች ቅዳሜ ቅዳሜ ሰብስበሽ ስፖርት ልታሠሪ ማሰብሽን ስሰማ ደስ ብሎኛል። አንድ አደራ ግን አለኝ፤ በመጀመሪያው ቀን ሰዓት ይዘሽ ሜዳ አትውጪ። ማን ቀደመ፣ ማን ቀረ ማለት ከጀመርሽ፣ ወሩ ሳይሞላ ሜዳው ላይ የሚቀሩልሽ ፈጣኖቹ ብቻ ናቸው። እነሱ ደግሞ አንቺ ባትኖሪም ይሮጣሉ።

ይህን የምልሽ አርሲን ስለማውቃት ነው። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ እዚሁ አሰላ አጠገብ ከገበሬ ቤት ተወልዶ፣ ደብተሩን ይዞ 10 ኪሎ ሜትር ወደ ትምህርት ቤት፣ 10 ኪሎ ሜትር ወደ ቤቱ እየሮጠ አደገ። የበቆጂዋ ደራርቱ ቱሉ በነሐሴ 1984 ዓ.ም. ባርሴሎና ላይ በ10 ሺህ ሜትር ስታሸንፍ፣ ከአፍሪካ ጥቁር ሴቶች የኦሎምፒክ ወርቅ ያገኘች የመጀመሪያዋ ሆነች። በ1988 አትላንታ ላይ ፋጡማ ሮባ ማራቶኑን አሸነፈች፤ በማግስቱ ኃይሌ 10 ሺህ ሜትሩን ወሰደ። በ2000 ዓ.ም. ቤጂንግ የሆነውንማ ማን ይረሳል? ቀነኒሳ በቀለ በወንዶች፣ ጥሩነሽ ዲባባ በሴቶች፣ 5 ሺሁንም 10 ሺሁንም ጠቀለሉት። አራቱም ወርቅ ሳጉሬን አልፈሽ ወደምታገኚያት ወደዚያች ትንሽ ከተማ፣ ወደ በቆጂ ገባ።

ይህን ክብር ማንም አይነካብንም። ነገር ግን እያደር አንድ ክፉ ልማድ አስይዞናል፤ ሩጫ እንደነሱ ለሚሆን ልጅ ብቻ የተሰጠ መሰለን። አንድ የ14 ዓመት ልጅ በትምህርት ቤት ውድድር ኋላ ሲቀር፣ አባቱ «እንጀራ የማይሆንህን ነገር ተወው፣ ጫማህን አትጨርስ» ይለዋል። ልጁም ይተዋል። ከዚያ በኋላ የምታገኚው ኳስ በሚታይበት ቤት አግዳሚ ወንበር ላይ ወይም ስልኩ ላይ አቀርቅሮ ነው፤ ሲብስም ጫት ከሚቃምበት ቤት። የጭላሎ ተራራ በር ላይ ቆሞለት፣ አየሩ ይህን ያህል ንጹህ ሆኖለት፣ ሮጦ ያልጠገበ ልጅ እንደ ሽማግሌ ደረጃ ሲወጣ ያለከልካል። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ይኼው ነው።

የድሮው ሩጫ ስፖርት እንዳልነበረም አትርሺ። ከብት ማገድ፣ ውሃ መቅዳት፣ እንጨት መልቀም፣ ሩቅ ትምህርት ቤት መድረስ ነበር። ዛሬ ትምህርት ቤቱ ቀርቧል፣ ባጃጁ በር ላይ ይቆማል፤ እሰየው ነው፤ ያን ድካም ለልጅ የሚመኝ ወላጅ የለም። ችግሩ ድካሙ ሲቀር በቦታው ምንም አለመተካታችን ነው። እኛ ብቻም አይደለንም። የዓለም ጤና ድርጅት ባለሙያዎች የ146 አገሮችን ተማሪዎች መረጃ አጥንተው እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጡት ጽሑፍ፣ ከ11 እስከ 17 ዓመት ካሉት ልጆች 81 በመቶው በቂ እንቅስቃሴ አያደርጉም። ከሴቶቹ 85 በመቶ ናቸው። በቂ የሚባለው ደግሞ በቀን 60 ደቂቃ ነው፤ ወንዝ ወርዶ የሚመለስ ልጅ ሳያውቀው ይጨርሰው የነበረ።

ጎበዞቹን የሚመለከት ቦታ አለ። እዚሁ አሰላ የጥሩነሽ ዲባባ የአትሌቲክስ ማሠልጠኛ ማዕከል አለልን፤ ሥራው መርጦ ማሠልጠን ነው፤ ይምረጥ። ያንቺ ሥራ ሳይመረጡ የቀሩት ናቸው። ኃይሌ ራሱ ያን ሁሉ ክብረ ወሰን ሰብሮ ሲያበቃ፣ በኅዳር 1994 ታላቁን ሩጫ በአዲስ አበባ ያስጀመረው ለሻምፒዮን ብቻ አልነበረም፤ እያወራም እየጨፈረም ለሚሮጠው ሕዝብ ጭምር ነው። በመጀመሪያው ዓመት 10 ሺህ ሰው ወጣ፤ በኋላ ከ40 ሺህ በላይ ደረሰ። አሰልጣኝ ስንታየሁ እሸቱም እነ ደራርቱን ያገኘው በበቆጂ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የስፖርት መምህር ሆኖ ነው። ከዋንጫው በፊት ሜዳ ላይ የሚጮህ የልጆች ክፍል ነበረው።

ስለዚህ ጨዋታ አብዢ። ገመድ ዝላይ ይኑር፣ መረብ ኳስ ይኑር፣ ሰኞ ማክሰኞም ይኑር፤ ትልልቆቹ ቢያፍሩ ጥቂት ቀን ነው። ታኅሣሥ ሲገባ የገና ጨዋታ አስተምሪያቸው። ወፍራሙን ልጅ፣ እግሩን የሚያመውን፣ ጫማ የሌለውን በዓይንሽ ፈልጊያቸው፤ የመቅረት ምክንያት ቀድሞ የሚያዘጋጁት እነሱ ናቸው።

የሴቶቹ ነገር ከሁሉም ይከብዳል። ሴት ወደ ማጀት ወንድ ወደ ችሎት የሚለውን ተረት የሚደግም ሰው ከገጠመሽ፣ ይህን ተረት ያወጣው ሰው ደራርቱን አላየም በይው። ግን በክርክር ብቻ አትመኚ። ቅዳሜ ከሰዓት ልጅቷ ሜዳ ከመጣች ውሃውን ማን ይቀዳል? ሊጡን ማን ይጋግራል? እናትዮዋን ይህን የሚጠይቃት የለም። አንቺ ግን ቤቷ ገብተሽ፣ ቡና ጠጥተሽ ጠይቂያት፤ ወንድምየውም ባልዲ እንዲይዝ አብራችሁ ምከሩ። ልጆቹ ከመምሸቱ በፊት ቤታቸው እንደሚገቡ፣ ከአንቺ ሌላ አንዲት ትልቅ ሴት ሜዳ ላይ እንደምትኖር ንገሪያት። የምትናገሪውንም ፈጽሚው፤ አንድ ቀን ካስመሸሽ የሰፈሩ በር ሁሉ ይዘጋብሻል።

ቅዳሜ ማለትሽ ጥሩ ነው፤ ዓርብ ከጁምዓ፣ እሁድ ከቅዳሴ አይጋጭብሽም። በረመዳንና በጾም ቀለል አድርጊው። ልጅ ሳይበላ ከመጣ አታሩጪው፤ ባዶ ጆንያ አይቆምም። የገብስ አገር ላይ ነን፤ አንድ ኩባያ በሶ ወይም አንድ ጭብጥ ቆሎ ማንንም አያደኸይም። ወጪውን ለብቻሽ አትሸከሚው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። እድሮቻችን ሲሞትብን ድንኳን ይተክላሉ፤ በሕይወት ላሉት ልጆቻችን ሁለት ኳስና አንድ ገመድ ግዙ ብንላቸው እንቢ የሚሉ አይመስለኝም።

ቲሸርት አሳትመን፣ ባነር ሰቅለን እናስጀምርልሽ የሚሉ ይመጣሉ። አመስግኛቸው፤ ግን ከመጠምጠም መማር ይቅደም። ፎቶ ከተነሱ በኋላ ሲጠፉ ልጆቹ ያዝናሉ፣ ሁለተኛ ሲጠሩም አይመጡም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፤ አንቺ በ15 ልጅ ጀምሪ። ክረምት ሲገባ ደግሞ ሜዳው ጭቃ ይሆናል፣ ያኔ ነው ብዙ ነገር ተጀምሮ የሚቀረው። ከአሁኑ ሰፊ ክፍል ፈልጊ፤ ወንበሩ ወደ ግድግዳ ተጠግቶ ገመድ ይዘለልበታል።

ሜዳውስ? ባዶ ቦታ ሁሉ እየታጠረ ነው። የትምህርት ቤቱ ግቢ ሰፊ ሆኖ ቅዳሜና እሁድ ቁልፍ ይሆናል። የዚህን ነገር ለእኔ ተይው፤ ርእሰ መምህሩንም ጥበቃውንም ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር ሆኜ አነጋግራለሁ፤ ንብረት ቢጠፋ እድሩ እንዲዋስ እጠይቃለሁ። አንቺ እስከዚያው የእናቶቹን ቤት አዳርሺ፤ ከወንዝ ማዶ ካሉት ጀምሪ፣ ብዙ ጊዜ ሳይነገራቸው የሚቀሩት እነሱ ናቸው።