ጆሮና ኅሊና

«ሐኪም ወይም መሐንዲስ ወይም ነጋዴ ለሚሆን ልጅ ፒያኖ መማር ምን ይጠቅመዋል?» እያሉ የሚጠይቁ ወላጆች ብዙዎች ናቸው። ጥያቄው የሚናቅ አይደለም። የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ጊዜው አጭር፣ የሚጠብቀውም ፈተና ብዙ ነው፤ ፒያኖ ፊት ከሚቀመጡትም ወጣቶች በሙዚቃ እንጀራውን የሚበላ ጥቂት ነው። ታዲያ የቀሩት የደከሙት በከንቱ ነውን? እኔ አይደለም እላለሁ፤ ይህንንም የተማርሁት ከመጽሐፍ ሳይሆን ከራሴ ጥፋት ነው።

በአንድ ትምህርት ቤት ፒያኖ በማስተምርበት ጊዜ የዐሥረኛ ክፍል ተማሪ የሆነች አንዲት ልጅ ነበረችኝ። በወላጆች በዓል ቀን፣ ባኽ ለተማሪዎች ከደረሳቸው «ኢንቬንሽን» ከሚባሉት ድርሰቶች አንዱን ተጫወተች። በእነዚህ ድርሰቶች ቀኝ እጅ ጌታ፣ ግራ እጅ ሎሌ አይደለም፤ ሁለቱም እኩል ይዘምራሉ። በመካከሉ ግራ እጇ መንገዱ ጠፋበት፤ ልጅቱም ፔዳል የሚባለውን የእግር መርገጫ ተጭና ያዘችው። ፔዳል ሲረገጥ ድምፁ ጣት ከተነሣ በኋላም ስለሚቆይ፣ አንዱ ከሌላው ተደባለቀና ስሕተቱ ጭጋግ እንደ ሸፈነው ገደል ሆነ። አዳራሹ አጨበጨበ። እኔም «ግሩም ነው፤ አንድም ቦታ አልሳትሽም» አልኋት። ልጅቱ ግን ቀና ብላ አየችኝና «ጋሼ፣ ሳይሰሙት ቀርተው ነው ወይስ ሰምተው?» አለችኝ። አልሰማሁም ብል ጆሮዬን፣ ሰምቻለሁ ብል ቃሌን ላዋርድ ነውና መልስ አጣሁ።

ያን ቀን ቸርነት የሠራሁ መስሎኝ ነበር። ነገር ግን ከዚያ በኋላ በእውነት አሳምራ በተጫወተች ጊዜ ባመሰግናት ፊቷ አልበራም። አንድ ጊዜ ሐሰተኛ ብር የሰጠ ሰው፣ ኋላ እውነተኛውን ቢያመጣም ተቀባዩ እያገላበጠ ያየዋል። የእኔም ምስጋና እንደዚያ ሆነ።

ፒያኖ 88 ቁልፎች አሉት፤ 52ቱ ነጭ፣ 36ቱ ጥቁር ናቸው። ማንኛውንም ቢነኩት ይጮኻል፤ ሕፃንም ቢነካው ይጮኻል። ስለዚህ አስቸጋሪው ነገር ድምፅ ማውጣት አይደለም፤ ያወጡትን ድምፅ መስማት ነው። ተማሪ ሲጫወት ብዙ ጊዜ የሚሰማው የተጫወተውን ሳይሆን ሊጫወት ያሰበውን ነው። ይህ ደግሞ የፒያኖ ተማሪ ብቻ ሕመም አይደለም። ሁላችንም ሌላውን ሰው በሥራው፣ ራሳችንን ግን በሐሳባችን እንመዝናለን። «እንዲህ ለማድረግ አስቤ ነበር» የሚለው ምክንያት ለራሳችን ሁልጊዜ ይበቃናል። ፒያኖ ግን ሐሳብን አይሰማም፤ ጣት የነካውን ብቻ ይመልሳል። በራስ ሥራ ላይ እውነተኛ ጆሮን ማሳደር፣ ኅሊናን ከማሳደግ እምብዛም አይለይም።

ጆሮ ግን ብቻውን አይበቃም። ጆሮ ስሕተት መኖሩን ይናገራል፤ ምን እንደ ሆነና ከምን እንደ መጣ የሚያስረዳው የሙዚቃ ቲዎሪ ነው። የትዝታን ቅኝት ተመልከቱ። ብዙው ልጅ ስሙን ሳያውቅ በቤቱ ሲሰማው አድጓል። ፒያኖ ላይ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ብሎ አምስቱን ነጭ ቁልፎች ሲያገኝ «ይህንማ አውቀዋለሁ» ይላል። ሚንና ላን በግማሽ ድምፅ ዝቅ ሲያደርጋቸው ግን ያው ትዝታ ወደ ጠለቀ ኀዘን ይለወጣል። ሁለት ድምፆች በጥቂቱ ሲነኩ የቀሩትም መልካቸው እንደሚለወጥ ያን ጊዜ ያያል፤ የስሜቱንም ምክንያት በስሙ ጠርቶ ማወቅ ይጀምራል።

የሙዚቃ ታሪክ ደግሞ ትሕትናን ይጨምራል። ባኽ በ1705 (እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር) የሃያ ዓመት ወጣት ሳለ በአርንሽታት ከተማ የቤተ ክርስቲያን ኦርጋን ተጫዋች ሆኖ ተቀጥሮ ነበር። ያም ሆኖ ቡክስተሁደ የሚባለውን ሽማግሌ ሊቅ ለመስማት እስከ ሉቤክ 400 ኪሎ ሜትር ያህል በእግሩ ሄደ። የአራት ሳምንት ፈቃድ ጠይቆ አራት ወር ገደማ ስለ ቆየ አለቆቹ ወቅሰውታል፤ ስለዚህ እንከን የለሽ ሰው ነበረ አልልም። ነገር ግን ማዕርግ ካገኘ በኋላ ለመማር በእግሩ መሄዱን ተማሪዎች ሊያውቁት ይገባል። የእኛዋ እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩም በስዊዘርላንድና በካይሮ ሙዚቃ ከተማሩ በኋላ መንኵሰው፣ በ2023 በኢየሩሳሌም እስካረፉበት ጊዜ በዓለም ዘንድ የሚታወቅ ሥራ ትተዋል። ሁለቱም ታሪኮች ጭብጨባ የሥራ ሚዛን አለመሆኑን ያስተምራሉ።

«ልጅን ሁልጊዜ ስሕተቱን መንገር ልቡን ይሰብረዋል» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ በሰው ፊት የሚያሳፍር መምህር ጆሮን አይከፍትም፤ ይደፍነዋል። እኔም በዚያ በዓል ቀን፣ በወላጆቿ ፊት፣ ስሕተቷን እዘረዝር ዘንድ አይገባኝም ነበር። ነገር ግን ዝም ማለትና መዋሸት አንድ አይደሉም። «መጀመሪያው አምሮ ነበር፤ ስለ መካከሉ ሰኞ እንነጋገራለን» ብል ኖሮ ልቧም አይሰበርም፣ እውነትም አትጠፋም ነበር። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ የሌላውን በሽታ የሚደብቅ ሐኪም ደግሞ ከዚህ ይብሳል።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ልጅቱን ጠርቼ «ያን ቀን ሰምቼው ነበር፤ ዋሽቼሻለሁ» አልኋት። ምንም አልመለሰችም። ፒያኖው ፊት ተቀመጠች፤ እግሯን ከፔዳሉ አራቀች፤ የጠፋባትንም ቦታ በግራ እጇ ብቻ፣ ቀስ ብላ፣ ደጋግማ ተጫወተችው። በአራተኛው ጊዜ ቀና። እኔም «አሁን ቀና» አልኋት፤ እርሷም አመነችኝ።

እንግዲህ ወጣት አንባቢ ሆይ፣ ፒያኖ ብትማርም ባትማርም፣ በምትሠራው ሥራ ሁሉ እግርህን ከፔዳሉ አንሣና የሠራኸውን ስማ። የሰው ጭብጨባ ስሕተትህን ሊሸፍነው ይችላል፤ ሊያቀናው ግን አይችልም።