ዋጋና ክብር

በአማርኛ «ውድ» የሚለው ቃል ሁለት ፍቺ አለው። ውድ ዕቃ ሲባል በብዙ ገንዘብ ካልሆነ የማይገኝ ማለት ነው፤ ውድ ልጅ ሲባል ግን የተወደደ ማለት ነው። ሁለቱም «ወደደ» ከሚለው ግሥ የበቀሉ ናቸው። ሰዎች ብርቅ ነገር ሲፈልጉ፣ ሲሰበስቡና ሲሸጡ እነዚህ ፍቺዎች ይደባለቃሉ፤ የተወደደ ነገር ሁሉ ዋጋ ሊተመንለት የሚችል፣ ዋጋው የከበደም ሁሉ ሊወደድ የሚገባው ይመስላል። ከዚህ የሚነሣው ጥያቄ የሃይማኖትም የፍልስፍናም ጥያቄ ነው፤ የብርቅ ነገር ክብር የሚመጣው ቁጥሩ ከማነሱ ነው ወይስ ከሌላ ምንጭ?

ከማነስ ብቻ ለሚመጣ ዋጋ ግልጽ ምሳሌ የሚሆኑት የአሜሪካ የቤዝቦል ካርዶች ናቸው። በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የትምባሆ ኩባንያዎች የታወቁ ተጫዋቾችን ምስል በትንሽ ካርቶን ላይ እያተሙ በሲጋራ ፓኮ ውስጥ በነጻ ይሰጡ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1909 እስከ 1911 ከታተሙት አንዱ የቤዝቦል ተጫዋቹ የሆነስ ዋግነር ካርድ ነው። ተጫዋቹ ሕትመቱ እንዲቆም በመጠየቁ ዛሬ መኖራቸው የሚታወቀው 60 ገደማ ብቻ ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ2022 አንዱ በ7.25 ሚሊዮን ዶላር ተሸጧል። አብሮት በፓኮው የነበረው ሲጋራ ጢስ ሆኖ ሲጠፋ ካርቶኑ የሀብታሞች ቅርስ ሆነ። ሆኖም ነገ ከአንድ አሮጌ ሣጥን ውስጥ ሺህ ተመሳሳይ ካርድ ቢገኝ፣ በባለቤቱ እጅ ያለው ካርድ መልኩም ወረቀቱም ሳይለወጥ ዋጋው ይወድቃል። ስለዚህ ዋጋው በካርዱ ውስጥ አልነበረም ማለት ነው፤ የነበረው በሌሎች ካርዶች አለመኖርና በሌሎች ሰዎች ምኞት ላይ ነው። ሰብሳቢ ሁለተኛውን ቅጂ የሚፈራው በዚህ ምክንያት ነው።

ወደ ኢትዮጵያ ስንመጣ ደግሞ፣ በጎጃም ደጋ ሰብሳቢዎች አብዝተው የሚፈልጉት ብርቅ ነገር የብራና መጽሐፍ ነው። ከደብረ ማርቆስ በስተ ሰሜን ምሥራቅ ደብረ ወርቅ ማርያም፣ በቢቸና አካባቢ ዲማ ጊዮርጊስ፣ ራቅ ብሎም ንግሥት እሌኒ ያሠራቻት መርጡለ ማርያም፣ በምዕራብ በኩል ደግሞ ደብረ ኤልያስ አሉ፤ ሁሉም በመጽሐፍና በትምህርት የታወቁ አድባራት ናቸው። ብራና ብርቅ የሚሆነው በድካም ነው። የፍየል ወይም የበግ ቆዳ በውኃ ተዘፍዝፎ፣ በእንጨት ላይ ተወጥሮ፣ ሥጋውና ጠጉሩ ተፍቆ፣ በድንጋይ እየታሸ ይለሰልሳል። ብዕሩ ከመቃ ይቀረጻል፤ ጥቁሩ ቀለም ከጥላሸትና ከተቆላ እህል ይበጠበጣል፤ ቀዩ የአምላክ፣ የእመቤታችንና የቅዱሳን ስም ለሚጻፍበት ቦታ ይቀመጣል። ከዚያ በኋላ ቁም ጸሐፊው ለወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ያጎነብሳል። ሲፈጸም በእንጨት ገበታ ይጠረዛል፤ በማኅደር ገብቶም ግድግዳ ላይ ይሰቀላል።

በካርዱ ላይ የተደረገው ፈተና በብራናው ላይ ሲደረግ ውጤቱ ይገለበጣል። ነገ በአንድ ገዳም ሺህ ወንጌል ቢገኝ የአንዱም ወንጌል ክብር አይቀንስም፤ መጽሐፍ ያጣው የገጠር ደብር ሁሉ ደስ ይለዋል። ቁም ጸሐፊ ዕድሜውን የሚጨርሰው አንዱን ሁለት ለማድረግ ነው፤ ሰብሳቢ የሚፈራውን ቅጂ እርሱ እንደ ጽድቅ ሥራ ይቆጥረዋል። በታቦትም እንዲሁ ነው። በኢትዮጵያ አብያተ ክርስቲያናት በአሥር ሺዎች ይቆጠራሉ፤ በእያንዳንዱ መንበር ላይ ታቦት አለ፤ ነገር ግን ታቦት ስለበዛ የረከሰበት ምእመን የለም። ከመቀደስ የሚመጣ ክብር በመካፈል የሚያንስ አይደለም።

እንዲህ ከሆነ ግን ማንኛውም ቅጂ እኩል ነው፣ አሮጌው ብራና ቢሸጥ ምን ይጎድላል የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። መልሱ በራሱ በብራናው ላይ ይገኛል። በአድባራቱ መጻሕፍት ባዶ ቅጠሎች ላይ የርስትና የጉልት ውል፣ የስጦታ መዝገብ፣ የሰጪዎችና የምስክሮች ስም ተጽፏል። ኅዳጉ በአንባቢ ጣት ወይቧል፤ ሥዕሉ በተሳላሚ ከንፈር ደብዝዟል። ጽሑፉ ሊገለበጥ ይችላል፤ መጽሐፉ ከአንድ ሕዝብ ጋር የኖረው ዕድሜ ግን አይገለበጥም። በብዙ መጻሕፍት መጨረሻ የሚገኘው ግዝትም ይህን ይጠብቃል፦ የሰረቀው፣ የፋቀው፣ ከደብሩ ያወጣው በጴጥሮስና በጳውሎስ ሥልጣን፣ በ318ቱ ሊቃውንት ቃል የተወገዘ እንዲሆን ይደነግጋል። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992ም ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር እንዳይወጣ ይከለክላል። ግዝቱና ሕጉ በአንድ ነገር ይስማማሉ፤ መጽሐፉን የያዘ ሁሉ ባለቤቱ አይደለም፤ ገበዙም ቢሆን አደራ ጠባቂ ነው።

አደራው ሲፈርስ የሚሆነውን በ1860 ዓ.ም. መቅደላ አሳይታለች። የእንግሊዝ ጦር አምባውን ከያዘ በኋላ ዐፄ ቴዎድሮስ የሰበሰቧቸው መጻሕፍትና ንዋየ ቅድሳት በ15 ዝሆኖችና በ200 ገደማ በቅሎዎች ተጭነው ወጡ፤ በደላንታ ሜዳም ሐራጅ ቆመ። የጎንደር ነገሥታት የማሉበት ኵርዓተ ርእሱ የተባለው የክርስቶስ ሥዕል በብሪቲሽ ሙዚየም መልእክተኛ እጅ ገብቶ እ.ኤ.አ. በ1917 ለንደን ላይ ለጨረታ ቀረበ። በሙዚየሙ የሚገኙት 11 ታቦታት ደግሞ ከካህን በቀር ማንም ሊያያቸው ስለማይገባ ለሕዝብ አይታዩም፤ ተዘግቶባቸው ተቀምጠዋል። የያዛቸው ተቋም ሊያሳያቸው አይችልም፤ ሊገለገልባቸውም አይችልም። በአንጻሩ በኤድንብራ አንድ ቤተ ክርስቲያን ቁም ሣጥን ውስጥ የተገኘ ታቦት ያለ ምንም ክፍያ በ1994 ዓ.ም. ሲመለስ፣ በአዲስ አበባ ብዙ ሕዝብ በእልልታ ተቀብሎታል።

ለሰብሳቢዎችም የሚገባቸውን ፍርድ መስጠት ተገቢ ነው። በ19ኛው መቶ ዓመት ጎጃምን ጭምር የዞረው ፈረንሳዊው አንቷን ዳባዲ ከ200 በላይ የግእዝ መጻሕፍት ሰብስቦ፣ አንዳንዶቹንም አስገልብጦ ወስዷል፤ ዛሬ ፓሪስ ተጠብቀው ለተመራማሪ ክፍት ናቸው። በእሳት፣ በጦርነትና በምስጥ ስንት መጽሐፍ እንደጠፋ የሚያስብ ሰው ይህን አያቃልልም። ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. በ1973 የተጀመረው የኢትዮጵያ ብራናዎች የማይክሮፊልም ሥራ ሌላ መንገድ እንዳለ አስመስክሯል። በሺህ የሚቆጠሩ መጻሕፍት ፎቶግራፍ ተነሥተው ቅጂያቸው ለትምህርት ሲውል፣ መጻሕፍቱ በየደብራቸው ቀርተዋል። ለማዳን መንጠቅ ግድ አልነበረም።

የቅዱሳት መጻሕፍት ትምህርትም የዋጋንና የክብርን ልዩነት በሁለት ሰዎች ያሳያል። በሐዋርያት ሥራ ሲሞን መሠሪ የመንፈስ ቅዱስን ስጦታ በብር ሊገዛ ፈልጎ ከጴጥሮስ ተግሣጽ ይቀበላል፤ ጥፋቱ ዋጋ የማይተመንለትን ወደ ገበያ ማውረዱ ነው። በማቴዎስ ወንጌል ደግሞ ነጋዴው ያለውን ሁሉ ሸጦ አንዲት ዕንቍ ይገዛል። ይህ ሰው ከዚያ በኋላ ሊነግድ አይችልም፤ የሚሸጠው አልቋል፤ ዕንቍዋንም ለትርፍ አልገዛትም። ስለዚህ ከገበያ የወጣ ነጋዴ ነው። ብርቅን መፈለግ በራሱ ኃጢአት እንዳልሆነ፣ የሚመዘነውም የፈላጊው ልብ እንደሆነ ምሳሌው ያስረዳል። በ4ኛው መቶ ዓመት የሚላኑ ኤጲስ ቆጶስ አምብሮስዮስ ንዋየ ቅድሳት አቅልጦ ምርኮኞችን መዋጀቱ ደግሞ የመጨረሻውን መለኪያ ይሰጣል፤ የተቀደሰ ዕቃ በብር አይለወጥም፤ ለሰው ነፍስ ግን ሊሰጥ ይችላል።

በጎጃም ከብራናም ይልቅ ብርቅ የሆነ ነገር አለ፤ እርሱም ቅኔ ነው። ከሁለት ቤቷ ጉባኤ ቃና አንሥቶ እስከ መወድስ፣ ባለቅኔው በማሕሌት የሚያቀርበው አዲስ መሆን አለበት፤ ትናንት የተባለው ዛሬ እንደ አዲስ አይቀርብም። ስለዚህ እያንዳንዱ ቅኔ በዓለም ላይ አንድ ብቻ ነው። በሰብሳቢ ሚዛን ቢመዘን ከዋግነር ካርድ ይልቅ ይወደድ ነበር፤ ነገር ግን ማንም ሊቆልፍበት አይችልም። የሰማው ሁሉ ሳይከፍል ይወስደዋል፤ ባለቅኔውም በመስጠቱ አይደኸይም። ማነስ ዋጋን ይወልዳል፤ ክብር ግን ከአገልግሎትና ከመስጠት ይወለዳል። ብርቅ ነገር ሁለቱንም ሊይዝ ይችላል፤ ለሽያጭ ሲቀርብ የሚሻገረው ግን ዋጋው ብቻ ነው።